መነጽር ያልፈታው ችግር፦ የአንድ ተማሪ ዓይንና ያለ ማዘዣ የተገዛ ጠብታ

ጉዳዩ በአጭሩ

ልጁ 13 ዓመቱ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ የአዳማ ልጅ። እናቱ ያመጣችው መነጽር ልታስለካው ነበር። "ሰሌዳው አይታየኝም ይላል፤ መምህሩ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦታል፣ እሱም አልሆነም" አለች።

ችግሩ የመነጽር አልነበረም። የሁለቱም ዓይኖቹ ግፊት ከልክ በላይ ወጥቷል። የቀኝ ዓይኑ ነርቭ ክፉኛ ተጎድቷል። ያመጣው ደግሞ የዓይኑን ማሳከክ እንዲያስታግስለት ለዓመታት ሲገዛለት የኖረው ጠብታ ነው።

እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። እይታ እለካለሁ፣ መነጽር አዛለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን ወደ ዓይን ሐኪም እልካለሁ። ጉዳዩን የጻፍኩት ብርቅ ስለሆነ አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ የዓይን ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ አይቷል። የገረመኝ ሌላ ነው። ይህ ቤተሰብ ልጁን ችላ አላለም። ያልሄዱበት ቦታ አልነበረም፤ ግን በሄዱበት ሁሉ የዓይኑን ግፊት የለካ ሰው አላገኙም። ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ሁሉ ትቻለሁ።

ከዚያ በፊት የነበረው

ልጁ ዓይኑን ማሸት የጀመረው ገና አፀደ ሕፃናት እያለ ነው። አዳማን የሚያውቅ ሰው ነፋሷንና አቧራዋን ያውቃል። በደረቁ ወቅት ይብስበታል። ዓይኑ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ ጠዋት ሲነሳ ክር ክር የሚል ነጭ ዓይናር ይወጣዋል። ፀሐይ አይችልም። ትምህርት ቤት ለባንዲራ ሲሰለፉ እሱ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቆመው። መምህራኑ ዓይን አፋር ነው ይሉት ነበር።

መጀመሪያ አያቱ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ፊቱን ቀቡት። ጎረቤት "የሰው ዓይን ነው" አለ፤ ጸበል ወሰዱት። ጸበሉ ላይ የምለው የለኝም። አለርጂ ያለበት ዓይን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሲታጠብ በእርግጥም ቀለል ይለዋል፤ አያቱም "ከጸበል መልስ ይሻለው ነበር" ሲሉ እውነታቸውን ነው።

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ቴትራሳይክሊን ቅባት ተሰጣቸው። ቅባቱ ለትራኮማና ለሌላ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ይረዳል፤ የአለርጂን እከክ ግን አያቆምም። ለውጥ ሲጠፋ እናትየው ፋርማሲ ገባች። ባለሙያው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሰጣት። በሁለት በሦስት ቀን ዓይኑ ጥርት አለ። ልጁ ተኛ፣ እሷም ተኛች።

ከዚያ በኋላ ማዘዣው ባዶዋ ጠርሙስ ሆነች። ጠብታው ሲያልቅ ባዶዋን ይዛ ትሄዳለች፤ "ይቺን ስጡኝ" ትላለች፤ ይሰጧታል። አንዱ ፋርማሲ ጋ ካጣች ሌላው ጋ ታገኛለች። ዱባይ ያለች አክስቱም "የውጭው ይሻላል" ብላ አንድ ጊዜ ላከች። ካርቶኑ ያምራል፣ ስሙ ሌላ ነው፣ ውስጡ ያለው ያው የመድኃኒት ዓይነት ነው። እንዲህ እያለ አራት ዓመት ገደማ አለፈ።

ልጁ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ሰሌዳው እየራቀው መጣ። መነጽር ቤት ወሰዱት። አገጩን ማሽን ላይ አስደግፈው በኮምፒውተር ለኩትና መነጽር ሰጡት። ብዙም አልረዳውም። ሌላ መነጽር ቤት ቁጥሩን ቀየረው። እሱም ያው ሆነ። ልጁ መነጽሩን ቦርሳው ውስጥ ጥሎ መሄድ ጀመረ፤ እናቱም "ሰነፈ" አለች።

ምርመራው

እናትየው እኔ ጋ ስትመጣ "ሦስት ቦታ የዓይን ሐኪም አይቶታል" አለችኝ። "እስቲ ይዘርዝሩልኝ" አልኳት። ፋርማሲው አንድ፣ ሁለቱ መነጽር ቤቶች ሁለት። አልፈረድኩባትም። ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ተብሎ በሚጠራበት አገር ማን ምን እንደሆነ በሽተኛው በምን ይወቅ? እኔንም ዶክተር ነበር የምትለኝ።

የግራ ዓይኑ 6/12 አየ። የቀኙ 6/60 ብቻ። ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር የሚለየውን ፊደል እሱ በ6 ሜትር ነው የሚለየው ማለት ነው። ከዚያ ፒንሆል ያዝኩለት። ፒንሆል ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ጥቁር መሸፈኛ ነው፤ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። ሰው በቀዳዳው ሲያይ ከተሻለው ችግሩ በአብዛኛው የመነጽር ነው። ካልተሻለው ሌላ ነገር አለ። የግራው ትንሽ ተሻሻለ። የቀኙ ምንም።

በእጅ ባትሪ አንዱን ዓይን ከዚያ ሌላውን እያፈራረቅኩ አበራሁ። ብሌን ብርሃን ሲያገኝ መጥበብ አለበት። መብራቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር የቀኙ ብሌን በመጥበብ ፈንታ ሰፋ። ይህ የነርቭ ነገር ነው፤ መነጽር አይነካውም።

የላይኛውን ቆብ ገልብጬ አየሁ። ውስጡ በትላልቅ ጎርበጥባጣ እብጠቶች ተሞልቷል። የዓይኑ ነጭ ክፍል በጥቁሩ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ወፍሯል። ይህ ቨርናል የሚባለው የልጆች የዓይን አለርጂ ነው። ከሴት ልጆች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ከጉርምስና በኋላ እየቀለለ ይሄዳል።

ግፊቱን ለካሁ። የተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ግራው 31፣ ቀኙ 42። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

"የሚወስደው መድኃኒት አለ?" አልኳት።

"የለም።"

"ጠብታስ?"

"እሱማ አለ። ግን መድኃኒት አይደለም፤ ሲያሳክከው ብቻ ነው የምናደርግለት።" ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለች ጠርሙስ አወጣች። ዴክሳሜታሶን ኒዮማይሲን ከሚባል አንቲባዮቲክ ጋር። መለያ ወረቀቷ በእጅ ብዛት ግማሹ ተልጧል።

ጠብታው የሚያደርገው

ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ፣ ማለትም መቅላትንና እብጠትን የሚያስታግስ የመድኃኒት ዓይነት ነው። ክፉ መድኃኒት አይደለም። የሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለሳምንታት ይታዘዝለታል። ለዚህ ልጅ ዓይነት አለርጂም ሲብስ ሐኪም ራሱ ያዘዋል። ልዩነቱ ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ማዘዙና ግፊቱን እየለካ መከታተሉ ነው።

ዓይን ውስጥ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመረታል፤ በመውጫውም ያለማቋረጥ ይወጣል። ስቴሮይድ ጠብታ ረዘም ላለ ጊዜ ሲደረግ አንዳንድ ሰው ላይ መውጫው ይጠባል። ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ከኋላ ያለውን የዓይን ነርቭ ይጫነዋል። ከተጠቃሚዎች ሲሶ ያህሉ ግፊታቸው ሊጨምር ይችላል፤ ጥቂቶቹ በጣም ይጨምርባቸዋል። ልጆች ላይ ደግሞ ፈጥኖም ከፍ ብሎም ይታያል። በጊዜ ከተቆመ ግፊቱ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ግላኮማ የሚባለው ይኸው ነው።

ክፋቱ ሕመም የለውም። ግፊቱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ልጁ ምንም አይሰማውም። እንዲያውም እከኩ ስለጠፋ ዓይኑ ዳነ ይባላል። እይታውም የሚሸረሸረው ከዳር ስለሆነ መሐሉ እስኪነካ ድረስ አይታወቅም። እናትየው የምታየው ነጭና ጥርት ያለ ዓይን ነው።

ይኸው ጠብታ ለብዙ ጊዜ ሲደረግ ሞራ ያመጣል። የዓይንን መከላከያም ያዳክማል። በአጨዳ ጊዜ ገለባ ወይም እሾህ ዓይኑን የመታው ገበሬ ቁስሉ ላይ ስቴሮይድ ቢጨምርበት፣ በተለይ ኢንፌክሽኑ የፈንገስ ከሆነ፣ ዓይኑን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

ሰውን የሚያሳስተው ሌላም ነገር አለ። ስቴሮይዱ ብዙ ጊዜ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሸጠው። ሻጩ "አንቲባዮቲክ ነው" ቢል አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የተናገረው። ስሙን ማንበብ የሚችል ሰው መጨረሻውን ይይ። ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሎሮሜቶሎን። በ"ሶን" ወይም በ"ሎን" የሚያልቅ ስም ካየ በራሱ ሥልጣን አይቀጥል።

ሐኪም ፍለጋው

እኛ ክሊኒክ በተወሰኑ ቀናት የሚመጣ የዓይን ስፔሻሊስት አለ። በዚያው ሳምንት አየው። ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ነርቩን ተመለከተና የቀኙ ብዙው አልቋል፣ የግራው ገና ሊተርፍ ይችላል አለ። ግፊቱን በፍጥነት ለማውረድ አሴታዞላማይድ ክኒን አዘዘ፤ ጣትን እንደሚነዝርና ሽንት እንደሚያመላልስ አስቀድሞ ነገራቸው። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ "አስም አለበት?" ነበረበት። የዓይን አለርጂ ካለባቸው ልጆች አስምም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በርካሽም በቀላሉም የሚገኘው ቲሞሎል ጠብታ ቀረ፤ ዓይን ውስጥ ቢደረግም ወደ ደም ስለሚገባ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። በምትኩ ዶርዞላማይድ ታዘዘ።

ከዚያ የግላኮማ ሐኪም ማግኘት ነበረባቸው። በአገራችን የዓይን ሐኪሞች በብዛት ያሉት አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። በግላኮማ ላይ ብቻ የሠለጠኑት ደግሞ ከእነሱም ያንሳሉ። የግሉ ፈጣን ነው፤ ዋጋውን ግን ቤተሰቡ አይችልም። አባትየው ባጃጅ ይነዳል፣ እናትየው ትንሽ ሱቅ አላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ናቸው። መድኅኑ እንዲሸፍንላቸው ደግሞ ከጤና ጣቢያ ተነስተው በደረጃው መሄድ አለባቸው። የእኛ የግል ክሊኒክ ወረቀት ለመድኅን አልሠራም። ስለዚህ ልጁ ሁሉ ነገር ታውቆለት እንደገና ከዜሮ፣ ከጤና ጣቢያ ካርድ ጀመረ።

የመጀመሪያው የሪፈር ወረቀት ላይ የተጻፈው "ለዓይን ምርመራ" ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ይዘውት ሄዱ። ሩቅ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ወረፋ የሚያስይዘው ሰው ከወረቀቱ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ "ለዓይን ምርመራ" የሚል ደግሞ ያ ሁሉ ወረፋ ነው። እናትየው ተስፋ ቆርጣ ደወለችልኝ።

ወደ ጤና ጣቢያው አብሬያቸው ሄድኩ። እዚያ ያለችው ነርስ ጎበዝ ነች። ወረቀቱን እንደገና ጻፈችው፦ "አስቸኳይ። የዓይን ግፊት ቀኝ 42፣ ግራ 31። የቀኝ ነርቭ በጣም የተጎዳ። ለዓመታት ስቴሮይድ ጠብታ የተጠቀመ። አስም አለበት።" አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር። በአዲሱ ወረቀት በዚያው ሳምንት ታየ። ሆስፒታሉ ያው ነው፣ ወረፋውም ያው። የተቀየረው ጽሑፉ ነው።

ከአዳማ አዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነ እነሱ እድለኞች ናቸው። በሌላ አቅጣጫ ያለ ሰው አዲስ አበባን ብቻ ማሰብ የለበትም። የጎንደር፣ የጅማና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል አላቸው። አዲስ አበባ የመጣ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን ለዓይን ያላወቀ የለም። የትም ቢሆን ከመንገድ በፊት ስልክ መደወልና "የግላኮማ ክሊኒክ በየትኛው ቀን ነው?" ብሎ መጠየቅ ከአንድ ከንቱ ጉዞ ያድናል።

የሠራውና ያልሠራው

ስቴሮይዱ ቆመ። ኦሎፓታዲን የሚባል የአለርጂ ጠብታ ተተካ፤ ዓይን ላይ ግፊት አይጨምርም። ነገር ግን ያሳከከ ዕለት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ዓይኑ ደህና በሆነበት ቀንም መቀጠል አለበት። እንደ ዴክሳው በአንድ ሌሊት ዓይን አያነጣም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። እከኩ ተመለሰ፤ ልጁ ሌሊት እያሸ ያለቅስ ነበር።

ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ የግራው ግፊት ወርዶ ሳለ እንደገና ወጥቶ ተገኘ። ሐኪሙ ግራ ተጋባ። አያትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ልጄ፣ ሲያለቅስ አላስቻለኝም" አሉ። አሮጌዋን ጠርሙስ ይዘው ፋርማሲ ሄደው ገዝተውለታል። ማንም ምንም አላላቸውም።

ቁጣ እዚህ ላይ አይሠራም ነበር። ሐኪሙ አያትየውን አስቀርቦ የሁለት ሰው ነርቭ ፎቶ አሳያቸው፤ የጤነኛውንና የልጁን። ከዚያ ሥራ ሰጣቸው። ልጁ ሲያሳክከው በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ዓይኑ ላይ የሚይዙለት እሳቸው ሆኑ። ጠዋትና ማታ ፊቱን የሚያሳጥቡትም እሳቸው። ጠርሙሷን ሐኪሙ አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ዴክሳ ቤት ውስጥ አልገባም። በዚህ ሕክምና ውስጥ በጣም የሠራው የትኛው ነው ብባል ይህን ነው የምጠራው።

ዶርዞላማይዱ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። የቀትሩ ትምህርት ቤት ላይ ይውላል፤ እሱ ሁልጊዜ ይዘለል ነበር። በኋላ ክፍል ኃላፊዋ ጠብታውን መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣ በዕረፍት ሰዓት ታደርግለት ጀመር። ከከተማው ፋርማሲዎች የጠፋባቸው ጊዜም አለ። አዲስ አበባ የሚመላለስ የሰፈር ሾፌር እያፈላለገ ያመጣላቸዋል።

ባለጥላ ኮፍያ ረዳው። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ "ዩኒፎርም አይደለም" ብሎ ከለከለ፤ በሐኪም ወረቀት ተፈቀደለት። አለማሸት የሚለው ምክር ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተሳካም። ማሸት ለዓመታት ሲቀጥል የዓይን መስታወት የሚባለውን የፊተኛ ክፍል ቅርጽ ያበላሻል። የግራው ዓይን ላይ የዚያ ምልክት ጀማምሯል፤ እየታየ ነው።

የቀኙ ግፊት በመድኃኒት በበቂ አልወረደም። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍት ነው። ግፊቱ 14 ላይ ረጋ። ለሐኪሙ ይህ ስኬት ነው። እናትየው ግን ፋሻው ሲነሳ የጠበቀችው ሌላ ነበር። "ታዲያ ለምን አያይም?" አለች። ቀዶ ሕክምናው ያለውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ እንዳልሆነ ተነግሯታል፤ የተነገራት ግን በጥድፊያ፣ ወረቀት እየፈረመች ሳለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቁጭ ብሎ፣ ከአንድ ቀን በላይ፣ ሊነገረው ይገባል።

የቀኙ እይታ 6/60 ላይ ቆሟል። የግራው ግፊት 16 ሆኗል፤ በመነጽር 6/9 ያያል። መነጽሩን ቀን ሙሉ እንዲያደርግ ተነግሮታል፤ አንድ ደህና ዓይን ብቻ ያለው ልጅ ኳስ ሲጫወት የሚከልለው ነገር ያስፈልገዋል። ሌንሱ በቀላሉ ከማይሰበረው ፕላስቲክ ነው።

አያትየው

አያትየው ልጁን ሲያመላልሱ ደረጃ ላይ እግራቸውን እየዳበሱ ነበር የሚወርዱት። "የኔ ዕድሜ ነው" ይላሉ። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ዓይን የሞራ ግርዶሽ አለበት፤ አንደኛው ሙሉ በሙሉ ነጭቷል። በቀዶ ሕክምና ዘመቻ ተመዝግበው የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። በማግሥቱ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነበቡ። "የኔው አሮጌ ዓይን ተመልሶ የሱ ይቅር?" ያሉት እስካሁን አይረሳኝም።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚያ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። ከዚያ ትራኮማ ያስከተለው የዓይን ጠባሳ፣ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል የእይታ ችግርና ግላኮማ ይከተላሉ። ብዙዎቹ መከላከል ወይም መታከም የሚችሉ ናቸው። አያትየው ሊታከም የሚችለው ወገን ናቸው። ልጁ ግላኮማው ሳይመጣ መከላከል ይቻል የነበረበት ነው።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

"የዓይን ሐኪም አይቶኛል" ከማለት በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ። ግፊቴ ተለክቷል? ብሌኔ ሰፍቶ ውስጡ ታይቷል? ከሁለቱ አንዱ ከቀረ፣ ያየው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ምርመራው ገና አላለቀም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም፤ ቁጥሩን ጽፎ ይሰጣል። ከቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ምንም ሳይሰማው መለካት አለበት፤ በሽታው በዘር ይሄዳል።

መነጽር ቤት መጥፎ ቦታ አይደለም። ራቅ ያለ ጽሑፍ የደበዘዘበት ተማሪ፣ ከ40 በኋላ መርፌ ቀዳዳ ላይ ክር ማስገባት ያቃተው ሰው፣ እዚያ ይጀምር። ግን አዲስ መነጽር ካልረዳ ሦስተኛ መነጽር አይገዛም፤ ሐኪም ጋ ይኬዳል። ሐኪም ስል ዓይንን አክሞ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ቀዶ ሕክምና የሚሠራውን ስፔሻሊስት ማለቴ ነው። የዓይን ነርሶችና እኔን የመሰሉ ባለሙያዎች ብዙውን ችግር እንለያለን፤ የምንልክበት ጊዜም አለ። "ሂዱ" ሲባል መሄድ ነው።

ወደ ሐኪም ሲኬድ የተጠቀሙበት ጠርሙስ ሁሉ ይያዝ፤ ባዶውም፣ ጎረቤት የሰጠውም፣ ከውጭ የመጣውም። ቢያንስ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ሰው ጠብታን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ሲጠየቅ "የለም" ይላል። የተከፈተ ጠብታ ደግሞ ከአራት ሳምንት በኋላ መጣል አለበት፣ መድኃኒቱ ላይ ሌላ ካልተጻፈ በቀር።

የሪፈር ወረቀት ላይ ቁጥር ይጻፍ ዘንድ መጠየቅ የበሽተኛው መብት ነው። የእያንዳንዱ ዓይን እይታ፣ ግፊት፣ የተጠረጠረው በሽታ፣ የተወሰደው መድኃኒት። እናትየው አሁን አንድ ደብተር አላት። በየቀጠሮው የሁለቱን ዓይን ግፊት ቀኑን ጠቅሳ ታጽፋለች። ሐኪም ሲቀየር መጀመሪያ የምትዘረጋው እሱን ነው፤ አዲሱም ሐኪም ካርዱን ከማገላበጥ ይልቅ እሱን ያያል።

ቀጠሮም ሪፈርም የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። እይታ በድንገት ከጠፋ፣ ዓይን ቀልቶ ከባድ ሕመም ካለውና ብዥ ካለ፣ ስለታም ነገር ከወጋው፣ ብልጭታ ታይቶ እንደ መጋረጃ ጥላ ከወረደ፣ የሕፃን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ኖራ፣ የባትሪ አሲድ ወይም በረኪና ከገባ ደግሞ ከሁሉ በፊት ውሃ። ዓይኑን ከፍቶ በንጹሕ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ማጠብ፣ ከዚያ መሄድ።

ለፋርማሲ ባልደረቦቼም አንድ ነገር አለኝ። ወረፋውን አውቃለሁ፤ እናት ልጇን አዝላ ስትለምን እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድም አውቃለሁ። ነገር ግን ባዶ ጠርሙስ ማዘዣ አይደለም። "ይህን ለስንት ጊዜ ተጠቀመ? ግፊቱን ማን ለካው?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ቢኖር ይህን ጉዳይ አልጽፈውም ነበር።

አሁን ያሉበት

ልጁ ስምንተኛ ክፍል ገብቶ ለሚኒስትሪ ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ክፍል ውስጥ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ሰሌዳው በደህናው በግራ ዓይኑ በኩል እንዲውል። በየሦስት ወሩ ግፊቱ ይለካል።

የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድሙ በቅርቡ ዓይኑን ማሸት ጀምሯል። እናትየው በሳምንቱ ይዛው መጣች። ቨርናል ነው። ግፊቱ በሁለቱም 13 ነው፤ ኦሎፓታዲን ተጀመረለት። ደብተሩ ላይ ከታላቁ ገጽ ቀጥሎ የእሱን ስም ጽፋ መስመር አስምራለች።